የድርሰትን ክፍሎች በቃላቸው የሚያውቁ ተማሪዎች ድርሰት ማዋቀር ለምን ያቅታቸዋል?

ጥያቄ፦ «10ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 62 ተማሪዎች አሉኝ። የድርሰት ክፍሎችን ስጠይቃቸው መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ብለው ሳይሳሳቱ ይመልሳሉ። ጻፉ ስላቸው ግን አንቀጽ የሚባል ነገር የሌለው፣ ከላይ እስከ ታች የተያያዘ ጽሑፍ ያመጡልኛል። የሰጠኋቸው ርእስ ‹የትምህርት ጥቅም› ነበር፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ‹ትምህርት ማለት…› ብለው ጀምረዋል። በደንብ የተዋቀረ ድርሰት እንዲጽፉ እንዴት ላስተምራቸው? ይህን ሁሉ ደብተርስ እንዴት አርሜ እዘልቀዋለሁ?»

ምላሽ፦

ተማሪዎችዎ የድርሰትን ክፍሎች ያውቃሉ። የጎደላቸው ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ለማን፣ ምን ብለው እንደሚሟገቱ መወሰን ነው። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ የሚባሉት ስሞች ያለቀ ድርሰትን ከፍሎ ለማየት ይጠቅማሉ፤ ያልተጻፈውን ለመጻፍ ግን ብዙም አይረዱም። መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ ብሎ የቆጠረ ሁሉ ቤት አይሠራም። ስለዚህ ክፍሎቹን እንደገና ማስረዳትዎን ይተዉትና ጊዜዎን በሁለት ነገር ላይ ያውሉት፦ ከመጻፍ በፊት በሚደረገው ውሳኔ እና በአንድ ነጠላ አንቀጽ። መግቢያና መደምደሚያ ከዚያ በኋላ ቀላል ናቸው።

ይህ በእርስዎም ክፍል እውነት መሆኑን ለማየት ከሰበሰቧቸው ደብተሮች ዐሥሩን ይውሰዱ። በእያንዳንዱ ውስጥ የጸሐፊውን አቋም የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ፈልገው ያስምሩበት። ከሦስት አንዱ ያጋጥምዎታል፦ የሚሰመርበት ነገር ጨርሶ የለም፤ ወይም አቋሙ የመጨረሻው መስመር ላይ ብቅ ይላል፤ ወይም ደግሞ እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት አቋሞች አሉ። ሁለተኛው ዐይነት ተስፋ የሚጣልበት ነው። ተማሪው እየጻፈ ሲያስብ ቆይቶ ሐሳቡን ያገኘው ሲጨርስ ነው። ለእሱ የሚሰጠው ሥራ አንድ ነው፤ ያንን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አዲስ ገጽ አናት ላይ ገልብጦ ከዚያ ይጀምር።

ለዚህ መዘግየት ተማሪውን ብቻ መውቀስ አይገባም። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሽማግሌም ለዕርቅ ሲቀመጥ ዙሪያውን ዞሮ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። በሸንጎ ይህ ያምራል፤ ሰሚው ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ተናጋሪውም ፊቱን እያየ ነገሩን ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል። የድርሰት አንባቢ ግን አይታይም። ወዴት እየተወሰደ እንደሆነ በጊዜ ካልተነገረው ገጹን ገልጦ ይሄዳል። ይህን ልዩነት ለተማሪዎቹ በግልጽ ይንገሯቸው፤ የለመዱት አነጋገር ስሕተት አይደለም፣ ቦታው ሌላ ነው።

ወደ ርእሱ እንምጣ፤ ግማሹ ችግር የሚጀምረው እዚያ ነውና። «የትምህርት ጥቅም» የሚለውን ማን ይቃወማል? ማንም የማይቃወመው ነገር ማስረጃ አይጠይቅም፤ ማስረጃ ካልተጠየቀ ደግሞ ሐሳብን በአንቀጽ መክፈል ትርጉም የለውም። ለተማሪው የሚቀረው ፍች መስጠትና መልካም መልካሙን መደርደር ብቻ ይሆናል። «ትምህርት ማለት…» የሚለው አጀማመር የመጣው ከዚህ ነው። ርእሱን ወደ ጥያቄ ይለውጡት። ጥያቄው ተማሪው በዐይኑ ያየውን ጉዳይ የሚመለከት፣ ሁለት ቅን ሰዎች ሊለያዩበት የሚችሉት እና መጨረሻው «ምን ይደረግ?» የሚል ይሁን። «የአካባቢ ጥበቃ» የነበረው «በቀበሌያችን ባሕር ዛፍ መትከል ይቀጥል ወይስ ይቁም?» ይሆናል። «ባህላችን» የነበረው «የሠርግ ወጪ በዕድር ደንብ ይወሰን?» ይሆናል። «የትምህርት ጥቅም» ደግሞ፣ ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ፣ «ከሁለት ፈረቃ ወደ ሙሉ ቀን ትምህርት ብንዞር ለተማሪው ይበጃል?» ሊሆን ይችላል። በዚህ የመጨረሻው ላይ 62ቱም የሚሉት አያጡም። ከሰዓት በኋላ እናቱን ጉሊት የሚያግዝ አለ፤ ሙሉ ቀን ከዋለ ምሳውን የት እንደሚበላ የሚጨነቅ አለ። ከዚህ በታች ምሳሌዎቼን ሁሉ ከዚህ ጥያቄ እወስዳለሁ።

ከጥያቄው ቀጥሎ የአቋም ዓረፍተ ነገር ይመጣል። እነዚህን ሦስቱን ሰሌዳ ላይ ይጻፉና የቱ ድርሰት እንደሚወጣው ይጠይቋቸው።

«ፈረቃ ጥቅምም ጉዳትም አለው።»

«ሙሉ ቀን መማር በጣም ጥሩ ነው።»

«ትምህርት ቤታችን ወደ ሙሉ ቀን መዞር ያለበት ከሩቅ የሚመጡ ተማሪዎች ምሳ የሚበሉበት መንገድ ከተገኘ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ የተጨመረው ሰዓት በረኀብ ይባክናል።»

የመጀመሪያው አቋም አይደለም፤ ከአቋም ማምለጫ ነው። (ይህን ያስለመድናቸው እኛው ነን፤ «ጥቅሙንና ጉዳቱን ጻፉ» እያልን ስንት ዓመት አለፈ!) ሁለተኛው አቋም ቢሆንም ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሦስተኛው ግን አንቀጾቹን በሆዱ ይዟል፦ ሙሉ ቀን ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ከሩቅ የሚመጡት ስንት እንደሆኑ፣ ምሳ ለምን ወሳኝ እንደሆነ። ተማሪዎቹ አቋማቸውን «ምክንያቱም»፣ «አለበለዚያ» ወይም «ከሆነ ብቻ» ከሚሉት አንዱን እንዲጠቀሙ አድርገው ያስጽፏቸው። እነዚህ ቃላት አቋሙ ምክንያቱን ወይም ቅድመ ሁኔታውን ይዞ እንዲወጣ ያስገድዱታል።

ቀጥሎ ቢጋር ነው፤ ከመጻፍ በፊት የሚዘጋጅ የድርሰቱ ንድፍ፤ አንዳንድ መጻሕፍት አስተዋጽኦ ይሉታል። ተማሪዎች ቢጋር አዘጋጁ ሲባሉ «1. ጊዜ፣ 2. ምሳ፣ 3. ርቀት» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ማስታወሻ ነው፤ ስለ ጊዜ ምን ሊሉ እንዳሰቡ አይናገርም፣ ምንም ባያስቡም አያሳጣቸውም። ቢጋር በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦

«በፈረቃ የምንማረው ግማሽ ቀን ለቤተ ሙከራና ለቤተ መጻሕፍት ጊዜ አያተርፍም።»

«ሙሉ ቀን ብንማር ጊዜው ይገኛል፤ ከሩቅ የሚመጣው ተማሪ ግን ምሳውን የሚበላበት ቦታ የለውም።»

«ቤተሰብ የሚያግዙ ተማሪዎች ይጎዳሉ የሚል ተቃውሞ አለ፤ እውነትነትም አለው።»

«ስለዚህ ለውጡ ከምሳ ዝግጅት ይጀምር፤ ቤተሰብ ለሚያግዙትም በሳምንት ሁለት ከሰዓት ይተውላቸው።»

አራቱ ለብቻቸው ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ አጭር ንግግር ከመሰሉ ቢጋሩ ሠርቷል። ሌላ ፈተና፦ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያቀያይሯቸው። ምንም ካልተበላሸ ተማሪው ያዘጋጀው ዝርዝር እንጂ ሙግት አይደለም።

ቅደም ተከተል ትርጉም እንዳለው በእጅ ማስነካት ይቻላል። ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ያለው አንድ አንቀጽ ራስዎ ይጻፉ፤ ከዘጠኙ አንዱ ከጉዳዩ ጋር የማይሄድ ባዕድ ይሁን። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በተለየ ቁራጭ ወረቀት ላይ ያድርጉት። 62 ተማሪ አምስት አምስት ሆኖ ሲቧደን 12 ቡድን ይወጣል፤ ሁለቱ ቡድኖች ስድስት ይሆናሉ። ማባዣ ከሌለ ዓረፍተ ነገሮቹን አዘበራርቀው ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ ይሰይሟቸው፤ ቡድኑ ፊደላቱን ብቻ በቅደም ተከተል ይጽፋል። ለመደርደር 10 ደቂቃ፣ ለመከራከር 10 ደቂቃ ይበቃል። ትምህርቱ ያለው በክርክሩ ነው። «ይህ ችግር» የሚል ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ሊመጣ እንደማይችል፣ «ሌላው» ለማለት ከፊቱ አንድ ነገር መኖር እንዳለበት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ባዕዱን ዓረፍተ ነገር ያላገኘ ቡድን ካለ አይንገሩት፤ ለጎረቤት ቡድን ያስነብብ።

አሁን ወደ አንቀጽ። ከሁሉ በፊት ቃሉ ራሱ ያደናግራቸዋል። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ «ማሰሪያ አንቀጽ» (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው)፣ «ቦዝ አንቀጽ» (እንደ «ተነሥተው» ያለ፣ ዓረፍተ ነገሩን የማይዘጋው) ስንል ግሥ ማለታችን ነው፤ በሕግ «አንቀጽ 25» ሲባል ድንጋጌ ነው፤ በድርሰት ደግሞ በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የተሰበሰቡ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ሦስቱን በአንድ ደቂቃ ለይተው ይንገሯቸውና ይለፉ። ከዚያ ይህን ያስነብቧቸው፦

«ሙሉ ቀን መማር ጥሩ ነው። ተማሪዎች ብዙ ይማራሉ። ምሳም ችግር ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ስልክ ስለሚይዙ ትምህርት አይከታተሉም። መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ደኅና ነው። ስድስቱ ግን አብረው ለመቀመጥ ምክንያት የላቸውም፤ ቦታ ቢለዋወጡ ማንም አያውቅባቸውም። አሁን ይህን፦

«በፈረቃ የምንማረው ግማሽ ቀን ለተግባር ትምህርት ጊዜ አያተርፍልንም። የጠዋቱ ፈረቃ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ሲጨርስ የከሰዓቱ ተማሪ በር ላይ ይጠብቃል። ስለዚህ ክፍሉ ወዲያው መለቀቅ አለበት። ባለፈው ወር የኬሚስትሪ መምህራችን ሙከራ ጀምረው ውጤቱ ሳይታይ ደወል ተደወለ፤ ውጤቱን በማግሥቱ ከሰሌዳ ገለበጥን። በዐይናችን ያላየነውን ውጤት ስንገለብጥ የተለማመድነው ኬሚስትሪን ሳይሆን ግልበጣን ነው።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃሉ፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚናገረው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ያብራሩታል። አራተኛው ማስረጃ ያመጣል። አምስተኛው ማስረጃውን መልሶ ከኃይለ ቃሉ ጋር ያስራል። ተማሪዎች ከሁሉ የሚዘሉት ይህን አምስተኛውን ነው፤ ምሳሌውን ይሰጡና «ገብቶሃል አይደል?» እንደ ማለት ወደ ሌላ ያልፋሉ። ኅዳጉ ላይ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ብለው ቢጽፉባቸው ይሥቃሉ፤ ግን ምን እንደጎደለ ወዲያው ይገባቸዋል። ትንሽ ቆይቶ እርስ በርሳቸውም መጠያየቅ ይጀምራሉ።

ማስረጃን በተመለከተ «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የሚለውን ሐረግ ማን፣ መቼ፣ የት አጠናው የሚለውን መመለስ ለማይችል ተማሪ ይከልክሉ። በምትኩ ክፍሉን ራሱን የማስረጃ ምንጭ ያድርጉት። «ወደ ትምህርት ቤት ለመምጣት ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ የሚሄድ?» ብለው እጅ ያስወጡና ይቁጠሩ። «ትናንት ምሳ ሳይበላ የዋለ?» የሚለውን ግን በእጅ አያድርጉት፤ ሰው ፊት ማሳፈር ይሆናል። ስም በሌለው ቁራጭ ወረቀት ይሰብስቡት። በ15 ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ የራሱ እውነተኛ ቁጥር ይኖረዋል፤ ያንን ቁጥር ይዞ የሚጽፍ ተማሪ ከየትም ከተቀዳ መቶኛ የበለጠ ያሳምናል።

ስለ ርዝመት፦ አንድ የሐተታ አንቀጽ ከአምስት እስከ ሰባት ዓረፍተ ነገር፣ ከ50 እስከ 80 ቃል ይበቃዋል። ለእንግሊዝኛ ድርሰት የተሰጡ የቃል ብዛቶችን እንዳሉ ወደ አማርኛ አያምጡ። «አልነገረችንም» በእኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አምስት ይሆናል። በ10ኛ ክፍል ደረጃ ከ250 እስከ 300 ቃል ያለው የአማርኛ ድርሰት ሙሉ ድርሰት ነው። 500 ቃል ጻፉ ካሏቸው የሚጨምሩት ውኃ ነው።

ከአንቀጹ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ስንወርድ አማርኛ የራሱ የሆነ ወጥመድ አለው። ይህን ይመልከቱ፦

«ተማሪዎች ጠዋት ተነሥተው ቁርስ ሳይበሉ ረጅም መንገድ ተጉዘው ትምህርት ቤት ደርሰው ደክሟቸው ክፍል ገብተው መምህሩ እያስተማረ እንቅልፍ ይዟቸው ትምህርቱ ሳይገባቸው ደወል ተደውሎ ወደ ቤት ተመልሰው ቤተሰብ ሲያግዙ ውለው ሳያጠኑ ይተኛሉ።»

ሰዋስዋዊ ስሕተቱን ፈልጎ ማውጣት ያስቸግራል፤ ግን ማሰሪያው አንድ ብቻ ነው፣ «ይተኛሉ»። ሌላው ሁሉ ቦዝ ወይም ጥገኛ ግሥ ነው። አንባቢው ክብደቱን የሚያሳርፈው ማሰሪያው ላይ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ዋና ነገር ተማሪዎች መተኛታቸው ሆነ፤ ጸሐፊው ሊል የፈለገው ግን ይህን አልነበረም። በዚያ ላይ ባለቤቱ ደጋግሞ ተለዋውጧል፦ ተማሪዎች፣ መምህሩ፣ እንቅልፍ፣ ትምህርቱ፣ ደወል። ማስተካከያው በቀይ ብዕር መቁረጥ ሳይሆን «ከነዚህ ሁሉ ግሦች መታሰር የሚገባው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው፦

«ብዙ ተማሪዎች ቁርስ ሳይበሉ ረጅም መንገድ ተጉዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ገና ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ቤት ሲመለሱም የሚጠብቃቸው ሥራ እንጂ ደብተር አይደለም።»

ለልምምድ የሚሆን መመሪያ፦ ከአንድ ማሰሪያ በፊት ከሁለት ቦዝ አንቀጽ በላይ አይግባ፤ ባለቤቱ ሲለወጥ አራት ነጥብ ይምጣ። ለዘላለም የሚጠበቅ ሕግ አይደለም፤ ጎበዝ ጸሐፊ አምስት ቦዝ ደርድሮ ሊያምርለት ይችላል። ለጀማሪ ግን እስኪለምድ ድረስ ይህ ገደብ ያድነዋል። ተቃራኒው በሽታ፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በ«ነው» የሚያልቅበት፣ ጮክ ብሎ በማንበብ ብቻ ይድናል፤ ጆሮ ይሰለቸዋል።

አያያዥ ቃላትን በዝርዝር አይስጧቸው። ሃያ አያያዥ ያለበት ሠንጠረዥ የተሰጠው ተማሪ ሃያውንም በአንድ ገጽ ላይ ይበትናቸዋል። በተለይ «ስለዚህ» ምንም ያልተከተለበት ቦታ ሲገባ ያዩታል። ለጊዜው ሦስት ዝምድና ይበቃል፦ ምክንያትና ውጤት፣ ተቃርኖ፣ ምሳሌ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አያያዡን ሸፍነው ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ያንብቡ። ዝምድናው ያለ አያያዡም የሚታይ ከሆነ አያያዡ ቦታውን አግኝቷል፤ የማይታይ ከሆነ ቃሉ የሌለውን ዝምድና እየለጠፈ ነው። ከአያያዥ የበለጠ ዓረፍተ ነገሮችን የሚያስተሳስረው ደግሞ ከቀደመው ዓረፍተ ነገር አንድ ስም ይዞ መሻገር ነው። ባዶውን «ይህ» ከማለት «ይህ ርቀት»፣ «ይህ የጊዜ ጥበት» ማለት ተማሪውን ስለ ምን እየተናገረ እንደሆነ እንዲወስን ያስገድደዋል። «ከዚህ አንጻር»፣ «ከማድረግ አኳያ» የሚሉት የስብሰባ ሐረጎች ግን ምንም አያስሩም፤ ያለ ርኅራኄ ይሰረዙ።

የተቃራኒ ሐሳብ አንቀጽ ለተማሪዎች ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ «የሚቃወመኝን ለምን እኔው ልጻፍለት?» ይላሉ። እዚህ ላይ የራሳችን የቆየ የሙግት ሥርዓት አለ፦ በላ ልበልሃ። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሲጠይቅ ሌላው እየመለሰ የሚከራከሩበት ነው። ሁለት ሁለት አድርገው ያቁሟቸው። አንዱ ለሙሉ ቀን፣ ሌላው ለፈረቃ ሦስት ደቂቃ ይሟገቱ፤ ከዚያ ወገን ይለዋወጡና ሌላ ሦስት ደቂቃ። ጥብቅ ደንብ ይኑረው፦ ከመመለሳቸው በፊት ተቃራኒያቸው የተናገረውን በራሳቸው ቃል ደግመው ይናገሩ፤ ባለቤቱ «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልሁት» ሳይል መልስ የለም። ወዲያው፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ተቀምጠው አንዲት አንቀጽ ይጻፉ፦ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለተቃዋሚው ሐሳብ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እውነት የሆነውን ለመቀበል፣ ከዚያ መልስ። «ይህ ሥጋት መሠረት አለው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ «ይሁን እንጂ» ማለት አይፈቀድም። አንቀጹ ከመደምደሚያው በፊት ቢገባ ይመረጣል፤ መጀመሪያ ላይ ከገባ አንባቢው የጸሐፊውን ወገን ሳያውቅ የተቃዋሚውን ይይዛል።

መግቢያ የሚጻፈው ሐተታው ካለቀ በኋላ ነው። ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ጉዳዩ የት እንደሚታይ፣ ክርክሩ ምን እንደሆነ፣ በመጨረሻም አቋሙ። «…ማለት» ብሎ መጀመር አንባቢው ትርጉሙን ለማያውቀው ቃል ብቻ ይፈቀድ። ተረትና ምሳሌ አይከልከሉ፤ ቋንቋችን ነው። ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ከተጀመረ በኋላ ስለ ድሩም ስለ አንበሳውም ዳግመኛ ካልተነሣ ለጌጥ የገባ ነው። ተረቱን የጠቀሰ ተማሪ ይሟገትበት ወይም ይሟገተው። መደምደሚያ ደግሞ «ስለዚህ ሁላችንም ተባብረን…» በሚል ጥሪ አይለቅ። ማን፣ ምን፣ ከመቼ ጀምሮ ያድርግ? ለዚህ የሚመልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቂ ናቸው።

ይህ ሁሉ 40 ደቂቃ ባለው ክፍለ ጊዜ ስምንት ያህል ይወስዳል። ጥያቄና አቋም አንድ፣ ማስረጃ መሰብሰብና ቢጋር አንድ፣ ቁራጭ ወረቀት መደርደር አንድ፣ አንድ አንቀጽ መጻፍ አንድ፣ ያንኑ አንቀጽ መልሶ መጻፍ አንድ፣ በላ ልበልሃ ከነአንቀጹ አንድ፣ ሙሉ ድርሰት አንድ፣ እንደገና መጻፍ አንድ። ሙሉ ድርሰት የሚመጣው በሰባተኛው ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ረቂቅ ክፍል ውስጥ በእጅ ይጻፍ፤ ወደ ቤት ከሄደ ከቴሌግራም ተገልብጦ ይመለሳል። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ተማሪ ካለ አቋሙንና ቢጋሩን በመጀመሪያ በራሱ ቋንቋ በቃል ይናገረው፤ ማዋቀር የሐሳብ ሥራ ነውና አማርኛው እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም።

እርማቱን በተመለከተ ሒሳቡ ራሱ መልስ ይሰጣል። ለአንድ ደብተር ስድስት ደቂቃ ቢያጠፉ 62ቱ ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈጃሉ፤ ማንም አይዘልቀውም። በየዙሩ አንድ ነገር ብቻ ይረሙ። በአንቀጹ ሳምንት ኃይለ ቃሉ ላይ ብቻ ምልክት ያድርጉ፤ አንድ ደቂቃ ለአንድ ደብተር ቢበዛ ነው። ጥልቅ እርማት በየዙሩ ለ12 ወይም 13 ተማሪዎች ይስጡ፤ በአምስት ዙር ሁሉም ይዳረሳል። የቀረውን ጓደኛ ይሥራው፣ ግን «አስተያየት ስጥ» ተብሎ አይደለም፤ «ጎበዝ፣ በርታ» ብሎ ነው የሚመልሰው። አራት ነገር ይዘዙት፦ አቋሙን አስምርበት። የእያንዳንዱን አንቀጽ ኃይለ ቃል ቁጥር ስጠው። ከአንቀጹ ጋር የማይሄድ ዓረፍተ ነገር ካለ ክበብበት። ያላሳመነህን ቦታ አግኝና «ታዲያ ምን ይጠበስ?» በል።

ከ20 የሚያርሙ ከሆነ ለአቋም 4፣ ለአንቀጾች አወቃቀርና ቅደም ተከተል 6፣ ለማስረጃ 5፣ ለትስስር 3፣ ለሥርዓተ ነጥብና ፊደል 2 ይስጡ። ለፊደል ጥቂት መሆኑ ሊያስደነግጥዎ ይችላል፤ ግን ገጹ በሀ፣ ሐ፣ ኀ እና በሰ፣ ሠ እርማት ቀይ ከሆነ ተማሪው የሚያየው ያንን ብቻ ነው፤ ስለ ቅደም ተከተሉ የጻፉለትን አያነበውም። በአንድ ድርሰት ውስጥ አንድን ቃል በአንድ ዐይነት ፊደል መጻፉን ብቻ ይጠይቁት።

ነጥቡን ግን በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አይጻፉ። ነጥቡን ያየ ተማሪ ደብተሩን ይዘጋዋል። ረቂቁ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው ይመልሱለት፤ 20ው የሚሞላው በስምንተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሁለቱ ረቂቆች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለተኛው ላይ ነው።